ስለ መጻሕፍት ጥበቃና ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ በካራማራ አገር

የሰው ልጅ ዕድሜው አጭር፥ ሥራውና አሳቡ ግን ብዙ ስለ ሆነ፥ አባት ያወቀውን ለልጅ የሚያደርስለት አደራ ተቀባይ ያስፈልገዋል። ይህን አደራ ተቀብለው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግሩት መጻሕፍት ናቸው። መጽሐፍ ግን ጠባቂ የሌለው እንደ ሆነ ምስጥ ይበላዋል፤ ውሃ ያበሰብሰዋል፤ እሳት ያቃጥለዋል፤ ሌባም ይሸጠዋል። ተጠብቆም ሳለ ምን መጽሐፍ እንደ ሆነና የት እንዳለ ያልታወቀ እንደ ሆነ ከጠፋው ብዙ አይሻልም። ታውቆም የሚያነበው ካልተገኘ በመሬት እንደ ተቀበረው መክሊት ነው። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሦስት ነው፤ ይኸውም መጠበቅ፥ መመዝገብና ማስነበብ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የቀሩት ሁለቱ ጥቅማቸው ይቀንሳል።

ይህ ነገር በመላው ኢትዮጵያ የሚያስፈልግ ቢሆንም፥ በካራማራ አካባቢ ላሉት ከተሞች፥ ለጅጅጋ፥ ለአውባሬ፥ ለቀብሪበያህና ለሐርትሼክ ይልቁንም የሚያስፈልግ ነው። ካራማራ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጦርነትን ነው፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከወራሪ ጦር እጅ የተመለሰችበት ቀን በየዓመቱ ይታሰባልና። ዳሩ ግን የካራማራ በር ጦር ብቻ ያለፈበት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ጅጅጋ ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚወጡ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች፤ በዚያም መንገድ ከጨውና ከጨርቅ ጋራ ሃይማኖትና ትምህርትም አብረው ተጉዘዋል። የንግድ መንገድ የሆነ አገር ሁሉ የመጻሕፍትም መንገድ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ አገር የሚጠበቀው ሀብት በአራት ይከፈላል። አንደኛው በሼሆችና በሃይማኖት መምህራን ቤት ያለው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ያለው የግዕዝና የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በባለሥልጣኖች እጅ የሚቀረው ደብዳቤና ማስታወሻ ነው። አራተኛው፥ ከሁሉም ይልቅ ለመጥፋት የቀረበው፥ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር በሰው ልብ ብቻ ያለው የሶማሌ ሕዝብ ቅኔና ታሪክ ነው።

ስለ ሦስተኛው አንድ ምሳሌ መስጠት ይበቃል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በኋላ በጅሮንድ የሆኑት፥ በወጣትነታቸው በሩስያ ተምረው ተመልሰው ጅጅጋን በአገረ ገዥነት አስተዳድረዋል። ያዩትንና የሠሩትንም በእጃቸው ጽፈው ትተዋል። እርሳቸው በ1969 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጽሑፋቸው ብዙ ዓመት ቆይቶ፥ «የሕይወቴ ታሪክ» ተብሎ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በመካከሉ ስደት፥ ጦርነትና የመንግሥት ለውጥ አልፏል። ያ ጽሑፍ በአንድ ክፉ ቀን ጠፍቶ ቢሆን፥ የአንድ ዘመን ምስክር ከነቃሉ በጠፋ ነበር። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ በዚሁ አገር የተሾሙት ባለሥልጣኖች ሁሉ የጻፉትና የተጻፈላቸው ነገር ነበር፤ ነገር ግን መጠበቅ ያልተደረገለት ጽሑፍ ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

የቀደሙት ሰዎች መጽሐፍን መጠበቅ ያውቁ ነበር። የግዕዝ መጽሐፍ ጸሓፊ ሥራውን ሲፈጽም መጽሐፉ የማን እንደ ሆነና ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ከጻፈ በኋላ፥ የሰረቀውንና የፋቀውን በውግዘት ያስር ነበር። በዐረብኛ በተጻፈው መጽሐፍም ላይ ባለቤቱ «ወቅፍ ነው» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷልና አይሸጥም፥ አይወረስም፥ ለሚማር ሰው ግን ይነበብለታል ማለት ነው። በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ወገኖች በአንድ አሳብ የተገናኙበት ይህ ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ሁለቱም መጽሐፍ ከገንዘብ ሁሉ የተለየ አደራ መሆኑን መስክረዋልና። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሕግ የሚባለው የዚህ የቆየ አሳብ ልጅ ነው።

ወደ ጥበቃው ሥራ የተመለስን እንደ ሆነ፥ ብራናና ወረቀት አንድ ዓይነት ጠባቂ አይፈልጉም። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለ ሆነ ጠንካራ ነው፤ በማኅደር ገብቶ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ጠላቱ እርጥበት፥ አይጥና የጧፍ ጠብታ ነው። በሐረርና በሶማሌ አገር ያሉት የዐረብኛ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ በባሕር በመጣ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ወረቀትም እንደ ብራና አይችልም፤ በምስጥና በብል ይበሳል፤ በታጠፈበት ይቆረጣል፤ በፀሐይም ይጠወልጋል። የጅጅጋ ሜዳ ደረቅ አየር ከሻጋታ ያድናል፤ ነገር ግን በጅላል፥ ማለት በበጋው ወራት፥ የሚነሣው አቧራ በየቅጠሉ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል፤ የጉ ዝናብ በጣለ ጊዜም ምስጥ ከመሬት ይነሣል።

መድኃኒቱ ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መደርደሪያው ከብረት ተሠርቶ ከግድግዳውና ከመሬቱ ይራቅ። መጽሐፉ ፀሐይ በማያገኘው ክፍል ይቀመጥ፤ በንጹሕ ወረቀት ወይም በታጠበ ነጭ ጨርቅ ይጠቅለል፤ በዓመት ሁለት ጊዜም እየተገለጠ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። የተቀደደ ቅጠል በሚያጣብቅ ላስቲክ አይለጠፍ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙንና ወረቀቱን ይዞ ይነሣልና። ነጭ ጋዝ መርጨትም ምስጡን ለጊዜው ቢያርቅ መጽሐፉን ለእሳት ያዘጋጀዋል። ከሁሉም በላይ ቁልፉ በእጁ የሆነ፥ የገባውንና የወጣውን የሚጽፍ አንድ ተጠያቂ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከጅጅጋ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር ይገባል። በዚያ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማው ተወላጅ የአባቶቻቸው መጻሕፍት እየተሸጡ መውጣታቸውን አይተው፥ በራሳቸው ገንዘብና ድካም እየሰበሰቡ በመኖሪያ ቤታቸው ማሳየት ጀመሩ። ኋላም የከተማው አስተዳደር የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን የቆየ ቤት ሰጥቷቸው ሙዚየሙ በዚያ ሆነ። በእጅ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍትን ከማኖራቸውም በቀር፥ ሊጠፋ የደረሰውን የሐረርን የመጽሐፍ አጠራረዝና አደጓጐስ ጥበብ ተምረው የተጎዱትን መጻሕፍት አድነዋል። ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ሰው አሳብ መሆኑን የተመለከተ፥ በጅጅጋም ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት አያገኝም።

ሁለተኛው ሥራ፥ መመዝገብ፥ ለብዙ ሰው ደረቅ የጸሓፊ ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የመቅደላ ታሪክ ያሳያል። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአገሩ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው፥ 350 ያህሉ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ መንግሥት ሲጽፉ «መጻሕፍታችንን መልሱ» ብለው በጅምላ አልጠየቁም፤ ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ጠየቁ፤ እርሱም ተመለሰላቸው። በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ በስሙ ይጠየቃል፤ ስሙ ያልታወቀውን ግን ማን ይጠይቀዋል? የቀሩት መጻሕፍት ዝርዝር በዊልያም ራይት ተዘጋጅቶ በለንደን የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ነበር። ከመወሰዳቸው በፊት ግን ዝርዝራቸው በአገራቸው ተጽፎ ቢሆን፥ በለንደን ያልገቡትና በየወታደሩ እጅ የተበተኑትም ምን ምን እንደ ነበሩ በታወቀ ነበር።

አመዘጋገቡም ሥርዓት አለው። በዓለም ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት ሥርዓት አሜሪካዊው መልቪል ዱዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ያወጣው ነው፤ ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ክፍል ከፍሎ ለሃይማኖት 200፥ ለሥነ ጽሑፍ 800፥ ለታሪክ 900 ቁጥር ሰጠ። ይህ ለታተመ መጽሐፍ ይጠቅማል። ለአገራችን ግን ራሳችን ልንወስናቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስም ነው። አውሮፓውያን ደራሲን በቤተ ሰቡ ስም ይመዘግባሉ። የኢትዮጵያ ሰው ግን፥ አማራም ቢሆን ሶማሌም ቢሆን፥ ስሙ የራሱ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው የአባቱና የአያቱ ስም ነው። በአባቱ ስም የተመዘገበ ደራሲ እንደ ሆነ ልጁ ቀርቶ አባቱ ደራሲ ይሆናል፤ የሚፈልገውም ሰው አያገኘውም።

ሁለተኛው ፊደል ነው። ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ፥ ያው አንድ መጽሐፍ በአንዱ መዝገብ በሠ በሌላው በሰ ተጽፎ ሁለት መስሎ ይታያል። የግዕዙን አጻጻፍ የሚያውቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መዝገቡን ቢያርሙ ብዙ ስሕተት ይወገዳል። የሶማሌ ቋንቋም በብዙ ፊደል ተጽፏል፤ በዐረብኛ ፊደል፥ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ባወጡት ዑስማንያ በሚባለው ፊደል፥ ከጅጅጋ ብዙ በማትርቀው በቦረማ ሼህ አብዱራህማን ሼህ ኑር ባወጡት ፊደል፥ በመጨረሻም በሶማልያ በ1965 ዓ.ም. በመንግሥት በተወሰነው በላቲን ፊደል ተጽፏል። መዝጋቢው መጽሐፉ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፈ ካላስታወቀ አንባቢው ይሳሳታል።

ሦስተኛው ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በዓመተ ዓለም ወይም በዓመተ ምሕረት፥ የሼሁ መጽሐፍ በሂጅራ፥ የመንግሥት ደብዳቤ በኢትዮጵያ፥ የውጭ አገሩም በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። መዝጋቢው አስቀድሞ በመጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ በአጠገቡ ያመሳክረው፤ እርሱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያርመው ነው። አራተኛውም በኅዳጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የመሬት ውል፥ የዕዳ ማስታወሻ፥ የድርቅና የበሽታ ዘመን በመጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ ይህን ያልመዘገበ ሰው ከመጽሐፉ ታሪክ እኩሌታውን ትቶታል።

በመመዝገቡ ነገር ግን የባለመጻሕፍቱ ፍርሃት ቀላል አይደለም። ቄሰ ገበዙ «ከተመዘገበ ሌባ ያውቀዋል» ይላል፤ ሼሁም «ከተመዘገበ መንግሥት ይወስደዋል» ይላል። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ ስላልሆነ በቍጣ አይመለስም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ሲያዝ፥ መመዝገብ መውሰድ ማለት እንዳልሆነ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሹማምንት ግዴታ ነው። ለዚህም መልካም ምሳሌ አለ። ከ1966 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት የተቋቋመው ድርጅት ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን ሲያነሣ ዋናዎቹን ከየባለቤታቸው አልነጠቀም፤ ፎቶግራፉ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በኮሌጅቪል ሲቀመጥ መጽሐፉ ወደ ደብሩ ተመለሰ። ዝርዝራቸውንም በማዘጋጀት ብዙ የደከሙት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት ተዘጋጅቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ታትሟል። እንግዲህ ለግዕዙም ለዐረብኛውም መንገዱ ተጠርጓል።

መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂ ማኖር ለምን እንደሚያስፈልግ የጅጅጋ ሰው ይነገረው ዘንድ አያስፈልግም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማው በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ካህናት ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። የሞተው ሰው በምንም አይተካም። የተቃጠለ ሕንጻ እንደ ገና ይሠራል። በሕንጻው ውስጥ ያለ መጽሐፍ ግን ቅጂው በሌላ ስፍራ ካለ ብቻ ይመለሳል፤ ከሌለ አይመለስም። በማሊ አገር በቲምቡክቱ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፥ የመጻሕፍቱ ጠባቂዎች በሣጥን እያደረጉ በመኪናና በጀልባ ብዙውን ወደ ባማኮ አሸሹ። ያዳናቸው አስቀድሞ ምን እንዳላቸው ማወቃቸውና እርስ በርሳቸው መተማመናቸው ነው።

አራተኛው ሀብት፥ በቃል ያለው፥ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሶማሌ የቁርአን ትምህርት ቤት፥ በዱግሲ፥ ሕፃኑ ትምህርቱን ሎሕ በሚባል የእንጨት ገበታ ላይ ይጽፋል፤ ያንን በቃሉ ባወቀ ጊዜ ገበታው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ጽሑፉ ሲጠፋ ቃሉ በልብ ይቀራል። ገበይ የሚባለውም ቅኔ እንዲሁ ነው፤ አጥኚው ከባለቅኔው ሰምቶ፥ የባለቅኔውን ስም ሳይለውጥ፥ ቃሉን ሳያዛባ ለሌላው ያስተላልፋል። ይህ ነገር ለግዕዝ ቅኔ መምህራን እንግዳ አይደለም፤ በማኅሌት ተዘርፎ የሚጽፈው ባለመኖሩ በዚያው የቀረው መልካም ቅኔ ስንት እንደ ሆነ እነርሱ ያውቃሉ። በ1913 ዓ.ም. በኢሚ የሞቱት የሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ግጥሞች በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ አው ጃማ ዑመር ዒሴ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች አፍ እየለቀሙ ከጻፉ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ አልፈው ቢሆን መጽሐፉ ባልኖረ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ፥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሸሽቶ በሐርትሼክ ሜዳ ሰፈረ። በዚያን ጊዜ የሐርጌሳ ራዲዮ የዜማ ክሮች ከእሳት እንዲድኑ ተደብቀው፥ ከፊሎቹም በመሬት ተቀብረው ቆዩ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ይመዘገባሉ። እንግዲህ በጅጅጋ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን ድምፅ የሚቀዳበትና የሚሰማበት ክፍል ቢኖረው የተገባ ነው። የተቀዳውም ድምፅ የተናጋሪው ስም፥ የተቀዳበት ስፍራና ቀን ካልተጻፈበት፥ ርእስ እንደሌለው መጽሐፍ መሆኑ አይዘንጋ።

ሦስተኛው ሥራ ማስነበብ ነው። በዚህ ላይ ጠባቂው ሁለት ፈተና አለበት። መጽሐፉን ሁሉ ቆልፎ የሚያኖር፥ አንድም ሳይጠፋበት፥ አንድም ሰው ሳይጠቀምበት ይሞታል። ሁሉንም ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጥ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃል። መካከለኛው መንገድ፥ አንድ ብቻ የሆነውን የእጅ ጽሑፍ ከቤቱ ሳያወጡ በቅጂው ማስነበብ፥ የታተመውን ግን በፊርማ ማዋስ ነው። ለተማሪው ቢጠፋ የሚተካ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አቧራ ይልቅ በተማሪ እጅ ቢያረጅ ይሻላል።

የአገሩ ሕዝብ ብዙው ከከብቱ ጋራ የሚዘዋወር በመሆኑ፥ ሕንጻ ሠርቶ «ይምጡ» ማለት አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ፥ ሴቭ ዘ ችልድረን የሚባለው የሕፃናት ድርጅት በሶማሌ ክልል ከ20 በላይ ግመሎች ላይ የእንጨት ሣጥን ጭኖ ወደ 33 መንደሮች መጻሕፍት ላከ። አንድ ግመል እስከ 200 የተረት መጻሕፍት ይሸከም ነበር፤ ከ22 ሺህ የሚበልጡ ልጆችም እንዲደርሳቸው ተደረገ። በኬንያም በጋሪሳ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ይህንኑ አድርጓል። ዱሮ ከዘይላ ጨርቅ ያመጣ የነበረ ግመል ዛሬ መጽሐፍ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን የግመሉ ጭነት በልጁ ቋንቋ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ በሶማልኛ የሚታተሙትን መጻሕፍት ማብዛት የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ግማሽ ነው።

በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የአገሪቱን ጽሑፍ የመሰብሰብ ኃላፊነት በአዋጅ ተሰጥቶታል። በጅጅጋም በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ መጻሕፍት አሰባስቧል። ሆኖም ዋናው ከተማ ሩቅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ለተማሪ እንጂ ለሽማግሌውና ለእረኛው ልጅ አልተሠራም። በመካከል የሚቀረውን ክፍት ቦታ የሚሞሉት የየከተማው ሹማምንትና የሃይማኖት አባቶች ናቸው።

ሹም የሆነ ሰው ከሥልጣኑ ሲነሣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በዝርዝር ያስረክብ፤ ለአንድ ደረቅ ክፍልና ለአንድ የታመነ ጸሓፊ የሚሆን ገንዘብም ይመድብ። ካህኑ የዕቃ ቤቱን መጻሕፍት በሁለት መዝገብ ጽፎ አንዱን በደብሩ፥ ሁለተኛውን በሀገረ ስብከቱ ያኑር። ሼሁም የአባቱን መጻሕፍት ዝርዝር ለልጁ ይጻፍለት፤ ልጁ ማንበብ ባይችል እንኳ ምን እንደ ወረሰ ይወቅ። ይህን ለመጀመር ሕንጻ አይጠበቅም፤ አንድ ደብተር፥ አንድ ብዕርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ዛሬ በስሙ የተጻፈ መጽሐፍ ነገ ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ዛሬ ያልተጻፈው ግን የጠፋ ዕለት ኖሮ እንደ ነበር እንኳ የሚመሰክርለት አይገኝም።